ዋናው የይለፍ ቃል ሲረሳ ምን ማድረግ ይገባል?

የእጅ ስልክ የገንዘብ ቦርሳም የሰነድ ሣጥንም ከሆነ ሰነባብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ካስጀመረ ወዲህ፣ ከደብረ ማርቆስ ነጋዴ እስከ አማኑኤልና ሉማሜ አካባቢ አርሶ አደር ድረስ በስልኩ ገንዘብ የሚልከውና የሚቀበለው ሰው በርክቷል። የምሥጢር ቁጥሩ የተረሳ ዕለት ግን የጤፍ ሽያጩ ገንዘብ በሒሳቡ ውስጥ እያለ ለማዳበሪያ መግዣ ሊታጣ ይችላል።

መፍትሔው በአንድ ጥያቄ ላይ ይመሠረታል፦ የጠፋውን ቁልፍ የሚያድስ ሌላ አካል አለ ወይስ የለም?

ተቋሙ የሚያድሰው

የቴሌብርና የባንክ የምሥጢር ቁጥር ሊታደስ ይችላል። ተቋሙ ደንበኛውን በስምና በመታወቂያ ስለሚያውቀው አዲስ ቁጥር እንዲያወጣ ያደርገዋል። በግምት ደጋግሞ መሞከር አገልግሎቱን ሊያስቆልፍ ስለሚችል፣ መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል ወይም ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ መሄድ ይበጃል። የኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ጥሪ ማዕከል 994፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ 951 ነው።

ከስልኩ ጋር ሲም ካርዱም ከጠፋ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው በዚያው መስመር በመሆኑ መጀመሪያ መስመሩን ማዘጋት፣ ቀጥሎ ሲም ካርዱን ማስተካት፣ በመጨረሻም የምሥጢር ቁጥሩን መቀየር ያስፈልጋል።

ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው

ብዙ የይለፍ ቃላትን በአንድ ዋና ቃል ቆልፈው የሚያስቀምጡ መተግበሪያዎች ግን የተለዩ ናቸው። እንደ ቢትዋርደንና ዋንፓስወርድ ያሉት መዝገቡን የሚቆልፉት ከባለቤቱ ቃል በሚሠራ ቁልፍ ሲሆን፣ ቃሉን ድርጅቶቹ ራሳቸው አያውቁትም። ሌባን የሚከለክለው ይህ አሠራር የረሳውንም ባለቤት ይከለክላል።

ቃሉ ሲረሳ የሚከተሉትን በተራ መሞከር ይገባል፦

1. መተግበሪያው በጣት አሻራ የሚከፈትበት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ከመለያው አለመውጣት፤ መተግበሪያውንም አለማጥፋት። ከፍቶ አስፈላጊ የሆኑትን የይለፍ ቃላት በወረቀት መገልበጥ።

2. የስልኩ መጻፊያ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መሆኑን፣ የእንግሊዝኛ ትልቅና ትንሽ ፊደላት አለመቀያየራቸውን ማጣራት።

3. መለያው ሲከፈት የተመዘገበ የማስታወሻ ፍንጭ ካለ በኢሜይል እንዲላክ መጠየቅ።

4. አስቀድሞ የተሰየመ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ ወይም የቤተሰብ አስተዳዳሪ ካለ በእርሱ በኩል መሞከር።

ይህ ሁሉ ካልሠራ መዝገቡን ትቶ አዲስ መክፈት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሌሎች መለያዎች ማደሻ የሚላከው በኢሜይል በመሆኑ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ማደስ፣ ቀጥሎ ወደ ሌሎቹ መሄድ ይቀላል። ለጉግል መለያ የማደሻ ጥያቄውን ዘወትር በሚሠሩበት ስልክና ቦታ ሆኖ ማቅረብ የመሳካት ዕድሉን ይጨምራል።

ሳይረሳ በፊት

ዋናውን ቃል በወረቀት ጽፎ ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር በሣጥን ቆልፎ ማስቀመጥ ነውር የለውም፤ በርቀት ሆኖ የሚሰርቅ አጭበርባሪ ሣጥኑን አይደርስበትም። የገንዘብ የምሥጢር ቁጥርን ግን በስልኩ ሽፋን ውስጥ ማኖር ወይም ለሱቅ ልጅ መንገር ሒሳቡን አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

በተለይ ቃሉ በጠፋበት የጭንቀት ሰዓት “ከባንክ ነው የምደውለው፣ ላስተካክልልዎት” የሚል ሰው ሊያጋጥም ይችላል። የምሥጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የደረሰ ማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይነገርም። ጥሪውን ዘግቶ በተቋሙ የታወቀ ቁጥር ራስ መደወል ወይም በአካል መሄድ አስተማማኙ መንገድ ነው።