በሙጫ የሚዘጋ ታሪክ፦ የሙከራ አውሮፕላን ሞዴል እንደ ታሪክ ምንጭ



የታሪክ መምህር የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዞ መድረክ ላይ መውጣቱ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ክርክሬ ግን አጭር ነው። ተገጣጣሚ ሞዴል በራሱ የታሪክ ድርሰት ነው፤ ስለሆነም እንደ ማንኛውም ድርሰት ምን እንዳስቀረ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የመረጥሁት የአሜሪካውን ቤል ኤክስ-1 ነው። ይህ በሮኬት ሞተር የሚበር የሙከራ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1947፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 3 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ በካሊፎርኒያው የሙሮክ በረሃ ሰማይ ላይ ከቢ-29 ቦምብ ጣይ ሆድ ሥር ተለቀቀ። በሻምበል ቻርልስ ዬገር አብራሪነትም 13 ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ማክ 1.06፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት በጥቂቱ የላቀ ፍጥነት አስመዘገበ። አብራሪው ከበረራው ጥቂት ቀደም ብሎ ከፈረስ ወድቆ የጎድን አጥንቱ መጎዳቱን፣ በሩንም በመጥረጊያ እንጨት መዝጋቱን ፊልሙም መጽሐፉም ደጋግሞ ስለተረከው እዚያ ላይ አልቆይም።

ሞዴሉን የሠራሁት በ1 ለ 32 መጠን ነው። 9.4 ሜትር ርዝመት የነበረው አውሮፕላን 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። የመገጣጠሚያው መመሪያ አግዳሚው ጅራት ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ በሙጫ እንዲጣበቅ ያዛል። በእኔ አስተያየት በመመሪያው ውስጥ ከዚህ የከፋ ትእዛዝ የለም።

ምክንያቱን ላስረዳ። አውሮፕላን ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ በላዩ የሚያልፈው አየር በአንዳንድ ቦታ ከድምፅ ይፈጥናል፤ በዚያም ድንገተኛ የግፊት ሞገድ ይፈጠራል። ከጥቅምቱ በረራ አስቀድሞ በተደረጉት ሙከራዎች፣ ማክ 0.94 አካባቢ፣ ሞገዱ ኤሌቬተር የሚባለው የጅራቱ የኋላ ክፍል በሚታጠፍበት መስመር ላይ አረፈ። አብራሪው መሪውን ቢስብም ቢገፋም አፍንጫው አልታዘዝ አለ። መሐንዲሱ ጃክ ሪድሊ ያቀረበው መፍትሔ አዲስ አካል መጨመር አልነበረም። አግዳሚው ጅራት ለሚዛን ማስተካከያ ሲባል ከመነሻው ሙሉውን እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ተሠርቶ ነበርና፣ እርሱን ራሱን በበረራ መካከል በጥቂት በጥቂቱ እያዘነበሉ አፍንጫውን ማዘዝ ነበር። የድምፅን ፍጥነት ለማለፍ ከሞተሩ ጉልበት ባላነሰ ይህ እንቅስቃሴ አስፈላጊ ነበር። ጅራቱን ያጣበቀ ሰው እንግዲህ የአውሮፕላኑን መልክ አስቀርቶ ምሥጢሩን ይዘጋል።

በዚሁ ጅራት ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚካሄድ ክርክር አለ። በብሪታንያ የማይልስ ኩባንያ ከ1943 ጀምሮ ኤም.52 የተባለ፣ ጅራቱ ሙሉ በሙሉ የሚንቀሳቀስ አውሮፕላን ይነድፍ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ግን በ1946 መጀመሪያ ተሰረዘ። ብዙ እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች አሜሪካውያኑ ሐሳቡን ከዚያ እንደወሰዱት ይከራከራሉ። መረጃ መተላለፉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ የሐሳብን መተላለፍ ከሐሳብ መመሳሰል ብቻ መደምደም ለታሪክ ባለሙያ አይበቃም። ይበልጥ የሚመስጠኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሰው የሚያበረው ኤም.52 ከተሰረዘ በኋላ፣ ከዋናው ሦስት አሥረኛ የሚያህል በሮኬት የሚበር ሞዴል ተሠርቶ በኦክቶበር 1948 ማክ 1.38 ደረሰ። አውሮፕላኑ ሳይኖር ሞዴሉ ከድምፅ ፈጠነ!

ወደ ጠረጴዛችን እንመለስ። ሞዴል የሚሠራ ሰው “የትኛው ኤክስ-1? በየትኛውስ ቀን?” ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግድ ይለዋል። በመጀመሪያው ትእዛዝ የተሠሩት ሦስት ነበሩ። ዬገር የበረረበት የመጀመሪያው ነው፤ የክንፉ ውፍረት ከስፋቱ 8 በመቶ ነበር። የሁለተኛው 10 በመቶ ነበር፤ ኋላም ክንፉ እጅግ በቀጠነ ሌላ ክንፍ ተተክቶ ኤክስ-1ኢ ተባለ። ሦስተኛው በ1951 መሬት ላይ እንዳለ ፈንድቶ ተቃጠለ። በ8 እና በ10 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት በእኔ ሞዴል ላይ በአማካይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በአሸዋ ወረቀት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። በሙሮክ ግን ሁለቱ ክንፎች ጎን ለጎን የተሞከሩት፣ የክንፍ ውፍረት በዚያ ፍጥነት ላይ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ነበር።

ሳጥኑ የማይሰጠን ሌላም ነገር አለ። አውሮፕላኑ የተሸከመው አብራሪ ብቻ አልነበረም፤ ግፊትን፣ ፍጥነትንና የአካሉን ጫና በፊልም ላይ የሚመዘግቡ መሣሪያዎችም ነበሩበት። ከየበረራው በኋላ ፊልሙን መስመር በመስመር እያነበቡ ወደ ቁጥር የለወጡት በሥራ መደባቸው “ኮምፒውተር” ይባሉ የነበሩ ሴቶች ናቸው። “ማክ 1.06” የምንለው አኃዝ የተገኘው ከእንዲህ ያለ ንባብ ነው። ሞዴሉ አንዲት የአብራሪ መቀመጫ አለው፤ ለእነርሱ ግን ወንበር የለውም። ተማሪዎቼን ስለ አንድ ፈጠራ ሲጽፉ የደመወዝ መዝገቡንም እንዲፈልጉ የምጎተጉታቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጥያቄዎቻችሁ ከማለፋችን በፊት፣ ሞዴሉ እዚህ ፊት ለፊት አለ። ጅራቱን በሙጫ ፋንታ በቀጭን ሽቦ አስሬዋለሁ፤ ጫፉን በጣታችሁ በቀስታ ብትነኩት ይንቀሳቀሳል። ቀለሙ ገና በደንብ ስላልደረቀ አካሉን ባትይዙት እመርጣለሁ።