ተራራ ከተራራ

«ተራራ ከተራራ አይገናኝም፤ ሰው ከሰው ግን ይገናኛል» ይላሉ አበው። ከጅማ፣ ከቦሳ ኪቶ፣ ወደ ሰሜን ሲሄዱ በሚገኘው የሊሙ የቡና ምድር ግን ይህን ብሂል የሚፈትን ታሪክ አልፏል።

አንቷንና አርኖ ዳባዲ የተባሉ ወንድማማቾች በ1838 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ምጽዋ ደረሱ። የአባታቸው አገር በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ያለው የባስክ ምድር ነበር። ታናሹ አርኖ በጎጃም ከደጃዝማች ጎሹ ዘንድ ሲሰነብት፣ ታላቁ አንቷን በ1843 ከነጋዴዎች ጋር ዓባይን ተሻግሮ ሊሙ እናርያ ገባ።

የተቀበለው ንጉሥ ኢብሳ፣ በፈረስ ስሙ አባ ባጊቦ ነበር። እንግዳው ቢከበርም የእናርያ ኬላ ያለ ንጉሡ ፈቃድ አይከፈትለትም። ለንጉሡ ሙሽራ ለማምጣት ከተላኩት ጋር እስከ ካፋዋ ቦንጋ ዘልቆ ተመለሰ፤ ከዚያ በቀር ዓይኑ ያረፈበትን ጋራ ሁሉ እግሩ ሊረግጠው አልቻለም። ፖስታ በሌለበት በዚያ ዘመን የወንድም ደብዳቤ የሚጠበቀው ከሰቃ ገበያ እስከ ጎጃሙ ባሶ ከሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ ነው። ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ ደግሞ ነጋዴውም ወሬውም ይቆማል።

ዓይንን ግን ኬላ አያግደውም። አንቷን በኢትዮጵያ በቆየባቸው ዓመታት ከፍ ባለ ስፍራ ሁሉ ቴዎዶላይቱን እየተከለ፣ በዙሪያው የሚታዩትን ጫፎች አንድ በአንድ በማዕዘን ይለካ ነበር። ከሌላ ጫፍ ላይ ሲደርስም ያንኑ ጋራ መልሶ ይለካዋል። ሁለት ተራሮች ለሦስተኛው ሲመሰክሩ የእርሱ ቦታ ይታወቃል። እነሆ፣ ተራራ ከተራራ ተገናኘ።

በጥር 1846 ወንድማማቾቹ አብረው የጊቤን ምንጭ አገኙና የፈረንሳይን ባንዲራ ተከሉ። የነጭ ዓባይ ምንጭ መስሏቸው ነበር፤ ጊቤ ግን ኦሞ ሆኖ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

ያልተገናኙትስ ሰዎቹ ናቸው። በጎጃም ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ፣ አንቷን ካፋን አላየም ብሎ በ1850 ጽሑፍ አሳተመ፤ ከፓሪሱ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም ሜዳሊያ መለሰ። አንቷን ከ1860 እስከ 1873 የልኬት መዝገቡን በመጽሐፍ አወጣ። ስለ ጊቤ ተስፋው አሳስቶት ነበር፤ የተራሮቹ ማዕዘኖች ግን ለጉዞው ምስክር ሆኑለት።

በስተርጅናው አንዳይ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ከፒሬኔ አጠገብ፣ ግድግዳው በኢትዮጵያ ሥዕልና በአማርኛ ጽሑፍ ያጌጠ ቤተ መንግሥት መሰል ቤት ሠራ። አርኖ በ1893፣ አንቷን በ1897 አረፉ።

ውድ አንባቢ፣ ቴዎዶላይት የተራራን ስፍራ ይነግራል፤ ስሙን ግን አያውቅም። በዚያ መዝገብ የሰፈሩትን የጋራ ስሞች የነገሩት በግርጌያቸው የኖሩት የአገሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱ ስም ባያወጡለት ኖሮ ያ ሁሉ ማዕዘን ለማን ይመሰክር ነበር?