አሮጌውን ስፖንጅ አትጣሉት

በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ስትፈርስ ሰው ሁሉ የቻለውን ይጭን ነበር። በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮ፣ ቁምሳጥን፣ ረከቦት… የእኛ አይሱዙ ላይ ግን ከፍራሹና ከምጣዱ መሀል አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው ውስጥ አሥራ አንድ ዓሦች አሉ። ከጎኑ ባለች ጎድጓዳ ሳህን ደግሞ እናታችን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ልትጥላት የሞከረች፣ ቡናማና ሽታ ያላት ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ተነክራለች። ጎረቤታችን አይተው፣ «ልጆች! ሰው ንብረቱን ያወጣል፣ እናንተ ጭቃ ትሸከማላችሁ?» አሉን። ስቀን ዝም አልን። የዚያን ቀን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረንም። ዛሬ ግን አለን፤ አንባቢም ትንሽ ከታገሠን እናስረዳለን።

ስፖንጂቷን የተሸከምነው ከዚያ በፊት ዓሣ ገድለን ስለምናውቅ ነው። ከዓመታት በፊት ትልቅ አኳሪየም ገዛን። መስታወቱን አብረቀረቅነው፣ አዲስ ጠጠር፣ አዲስ ፊልተር፣ ከቧንቧ የተቀዳ ኩልል ያለ ውሃ። ዓሦቹን በዚያው ቀን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ገለበጥናቸው። በማግስቱ ደህና ነበሩ። በአራተኛው ቀን ውሃው ላይ እየወጡ አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ አለቁ። እኛም እንደ አገራችን ወግ የሸጠልንን ሰው ረገምን። በኋላ ስናነብ ግን ሰውየው ምንም አላደረገም። ዓሦቹን የገደላቸው የእኛ ንጽሕና ነበር።

ሰው ይህን ለማወቅ ስንት ዘመን ፈጀበት?

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፔፒስ እ.ኤ.አ. በ1665 መስታወት ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች አይቶ በማስታወሻው ሲጽፍ፣ እንደዚያው ለዘላለም የሚኖሩ መስሎት ነበር። የዋህነቱ አይፈረድበትም፤ እኛም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ከእርሱ አልተሻልንም።

በ1832 ዣን ቪልፕሮ-ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት ሲሲሊ ደሴት ላይ ተቀምጣ የባሕር እንስሳትን ለማጥናት የመስታወት ሣጥን ሠራች። በ1850 ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት ዓሣ፣ የውሃ ተክልና ቀንድ አውጣ በአንድ ዕቃ አኑሮ ሚዛን እንደሚጠብቁ አሳየ። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተ። በማግስቱ ዓመት ፊሊፕ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን ቃል በመጽሐፉ ርዕስ ላይ አወጣውና ቃሉ በዓለም ተሰራጨ።

ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ሁሉ ያስጨነቃቸው በዋናነት አየር ነበር፤ ተክሉ ኦክስጅን ከሰጠ ዓሣው ይኖራል አሉ። ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ በዓይን አይታይም። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ አሞኒያ ወደ ውሃው ይለቃል፤ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሣው መርዝ ነው። ታዲያ አሮጌ አኳሪየም ውስጥ ያሉት ለምን አይሞቱም? መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ፣ ኪየቭ የተወለደው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ዙሪክ ላይ ሆኖ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎችን ለይቶ ሲያወጣ ነው። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እጅግ ካልበዛ ዓሣው ይችለዋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በውሃው ውስጥ ተንሳፈው አይደለም። ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያች በቆሸሸችው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ግን የሉም። ከባዶ ተነሥተው በቂ እስኪሆኑ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። የእኛ ዓሦች ያን ያህል አልቆዩም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ኢትዮጵያም ዓሣ ማዛወርን ታውቃለች፤ በመስታወት ሳይሆን በሐይቅና በወንዝ። የባሌ ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ የሚገኘው ትራውት የአገሩ ተወላጅ አይደለም፣ ከኬንያ የመጣ ነው። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከልም ጫጩት ዓሦችን እያራባ ወደ ግድቦችና ኩሬዎች ሲልክ ኖሯል። ጫጩት ዓሣ የሚያጓጉዝ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ ዓሣው ከጉዞው በፊት ይጾማል፣ ውሃውን እንዳያበላሽ። ሁለተኛ፣ ፌስታሉ ውስጥ ከውሃው ይልቅ አየሩ ይበዛል።

ግን ዓሣው በሕይወት መድረሱ ብቻ በቂ እንዳልሆነ የወሎው ሐይቅ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቆሮሶ (ቲላፒያ የምንለው) ወደ ሐይቅ ገባ። ዓሣው ለመደ፣ ተራባ፣ ለአካባቢው ሰው እንጀራ ሆነ። ውሃው ግን እንደ ድሮው አልቀጠለም። በ1930ዎቹ ጣሊያኖች ሲያጠኑት እጅግ ጥርት ያለ የነበረው ሐይቅ በኋላ አረንጓዴ እየሆነ መጣ፤ ተመራማሪዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው አዲስ እንግዳ ነው። ስለዚህ አኳሪየም የሰለቻችሁ ወዳጆቻችን፣ እባካችሁ ዓሣችሁን ወንዝ አትጨምሩ። ለሌላ ሰው ስጡ።

የካዛንቺስ ዓሦች ጉዞ

አዲስ አበባ ለዓሣ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከተማ ውሃ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ ባልዲ ውስጥ የተጨናነቀ ዓሣ ቶሎ ይታፈናል። የቧንቧችን ውሃ ቀዝቃዛ ነው፣ ጋፒና ሞሊ ግን 24 ወይም 25 ዲግሪ ይፈልጋሉ። ውሃው በክሎሪን የታከመ ነው፤ ክሎሪን የዓሣውን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ይገድላል። በዚያ ላይ ከተማዋ አንድ ውሃ አትጠጣም። እንደ ለገዳዲ ካለ ግድብ የሚመጣ አለ፣ ደቡቡ ክፍል ደግሞ በአብዛኛው የአቃቂን ጥልቅ ጉድጓዶች ይጠጣል፤ የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ይበዛል። ሰፈር መቀየር ለዓሣ ውሃ መቀየር ነው።

እኛም ያደረግነው ይህን ነው። ከአንድ ቀን በፊት ምግብ ከለከልናቸው። አዲሱ ቤት ቀድሞ የሄደው ወንድማችን ውሃ ቀድቶ፣ ክሎሪን ማስወገጃ ጨምሮበት፣ አሳደረው። ስፖንጂቷንና የተወሰነ አሮጌ ጠጠር በራሱ በአኳሪየሙ ውሃ ነክረን፣ ሳይደርቁ፣ ሳይታጠቡ ያዝን (በቧንቧ ውሃ ማጠብ ማለት ባክቴሪያውን መፍጀት ነው)። ባልዲውን እስከ ግማሽ ብቻ ሞላን፤ በሸፈንነው ጨለማ ውስጥ ዓሣ አይደናገጥም። ስንደርስ ዓሦቹን ከነውሃቸው በፌስታል አድርገን አዲሱ ውሃ ላይ ሃያ ደቂቃ አንሳፈፍናቸው፣ ሙቀቱ እንዲመጣጠን። ከዚያ አዲሱን ውሃ በየጥቂት ደቂቃው በቡና ስኒ እየጨመርን አንድ ሰዓት ቆየን። መጨረሻ ላይ ዓሦቹን ብቻ በመረብ አውጥተን ለቀቅናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ምግብ በጥቂቱ፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ሩቡን ቀየርን።

ከአሥራ አንዱ አንዷ ጋፒ ሞተች። አሥሩ ኖሩ።

ጎረቤታችንስ?

ካዛንቺስ የሚለው ስም በ1928 ዓ.ም. ከገባው የጣሊያን ወረራ የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ የነበረው መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ነበር፣ «ካዜ ኢንቺስ» የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፣ ሰፈሩ ቀረ። የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፣ ሆቴሎች ተከተሉ። በእነዚህ ሁሉ ጀርባ ደግሞ በዓይን የማይታይ ሥራ የሚሠሩ ነበሩ፦ ዕድር፣ ዕቁብ፣ በዱቤ መዝገብ የሚያበድር ባለሱቅ፣ ልጅ ሲታመም በሌሊት የሚቀሰቀስ ጎረቤት። በየቀኑ ከኑሮ የሚወጣውን መርዝ ወደሚቻል ነገር የሚለውጡት እነርሱ ነበሩ።

የካዛንቺስ ሰው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሥፍራዎች ሄደ። ጭቃ ትሸከማላችሁ ያሉን ጎረቤታችንን ከወራት በኋላ አገኘናቸው። ቤቱ እንዴት ነው ስንላቸው፣ «ንጹሕ ነው ልጆቼ፣ ምንም አይወጣለትም» አሉን። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሰው ግን አላውቅም» አሉ።

የዚያን ቀን ስለ ስፖንጂቷ ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ የድሮው ዕድራቸው አባላት የት የት እንደደረሱ በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ ከእኛ ስልክ ቁጥር ያላቸውን ጠየቁን፣ ያለንን ሰጠናቸው።

ቸር ይግጠመን።