ኢትስዊች

ኢትስዊች አክሲዮን ማኅበር የኢትዮጵያ ብሔራዊ የክፍያ ማገናኛ (ስዊች) ድርጅት ነው። የአንድ ባንክ ካርድ በሌላ ባንክ ኤቲኤም ወይም ፖስ ማሽን ላይ እንዲሠራ፣ ገንዘብም ከአንድ ባንክ ሒሳብ ወደ ሌላ ባንክ ሒሳብ በስልክ እንዲተላለፍ መልእክት ያቀባብላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን ባለአክሲዮኖቹ በዋነኛነት የአገሪቱ ባንኮች ናቸው።

መነሻ

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ኤቲኤም ሲያስተክል ማሽኖቹ የሚያገለግሉት የራሱን ደንበኞች ብቻ ነበር። ዳሸን ባንክ በኋላ ከቪዛ ጋር ተስማምቶ የውጭ ካርዶችን መቀበል ጀመረ። በዚህም የተነሳ ለጥቂት ዓመታት የውጭ አገር ጎብኚ በካርዱ ገንዘብ ማውጣት ሲችል፣ የሌላ ባንክ ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ እዚያው ማሽን ላይ የማይችልበት ሁኔታ ነበር። አዋሽ፣ ንብና ሕብረት ባንኮች እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስን በጋራ አቋቁመው ወጪውን ተካፈሉ፤ ይህ ግን የጥቂት ባንኮች ማኅበር ነበር። የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718/2003 ሲወጣ ዘርፉ የራሱ ሕግ አገኘ። ኢትስዊች የተመሠረተው በዚያው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የኤቲኤም ማገናኘት አገልግሎቱን በይፋ የጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ነው።

አሠራር

በካርዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያ አሃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክ ይለያሉ። አሰላ ላይ ያለ ማሽን የሌላ ባንክ ካርድ ሲገባለት ጥያቄውን ወደ ባለማሽኑ ባንክ፣ ባንኩም ወደ ኢትስዊች ይልካል። ኢትስዊች አሃዞቹን አይቶ ጥያቄውን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ያደርሳል። ያ ባንክ የምሥጢር ቁጥሩንና ቀሪ ሒሳቡን አረጋግጦ ከደንበኛው ሒሳብ ይቀንሳል፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ጊዜ በባንኮቹ መካከል የተላለፈ ገንዘብ የለም። የዕለቱ ዕዳና ተከፋይ ተቻችሎ ልዩነቱ ብቻ ባንኮቹ በብሔራዊ ባንክ ባላቸው ሒሳብ ይወራረዳል። ካርዱን የሰጠው ባንክ ለባለማሽኑ ባንክ የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፤ ደንበኛውም በሌላ ባንክ ማሽን ሲያወጣ ተጨማሪ የሚጠየቀው ለዚህ ነው።

በብዛት ቅሬታ የሚያስነሳው ችግር የሚፈጠረውም በዚሁ ሰንሰለት ላይ ነው። ሒሳቡ ከተቀነሰ በኋላ መስመር ቢቋረጥ ማሽኑ ብር ሳይከፍል ይቀራል። ማሽኑ የመሰረዣ መልእክት መላክ አለበት፤ እሱም ካልደረሰ ሁለቱ ባንኮች መዝገባቸውን እስኪያስታርቁ ደንበኛው ይጠብቃል። ለደመወዝተኛ ጥቂት ቀን መጠበቅ ቀላል ነገር አይደለም። አቤቱታ የሚቀርበው ለባለማሽኑ ሳይሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው።

በአርሲ

እንደ ሮቤ ላሉ የአርሲ ከተሞች ነገሩ ከአዲስ አበባ ይልቅ ይከብዳል። በዋና ከተማ የራሱን ባንክ ማሽን ያጣ ሰው ትንሽ ተራምዶ ሌላ ያገኛል፤ ማሽን በሚያንስበት ከተማ ግን አንድ ማሽን የሁሉንም ካርድ መቀበሉ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ደጋው ገበያ አሁንም ጥሬ ብር ይወዳል። ሮቤ የሚባል ከተማ በባሌም ስላለ፣ ገንዘብ በቅርንጫፍ ስም በሀዋላ በሚላክበት ዘመን «አርሲ» ወይም «ባሌ» ብሎ መለየት ግድ ነበር። በሒሳብ ቁጥር ወይም በስልክ ቁጥር ሲላክ ይህ ጣጣ ቀርቷል።

የስልክ ገንዘብ

ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም ፈቃድ እንዲያገኙ መንገድ ከፈተ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረ፤ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። አሪፍፔይና ቻፓ ደግሞ ለነጋዴዎች ክፍያ የሚቀበሉ የግል ድርጅቶች ናቸው። ቴሌብር *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ስማርት ስልክ የሌለው ገበሬም ይጠቀምበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ ቆይቶም ወደ ክልሎች ተስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ካርድ ይዘው የማያውቁ ብዙ አሽከርካሪዎች ቴሌብር ተጠቃሚ ሆነዋል።