አንድ ቤት፣ ስንት በር?

በአዲስ አበባ አሮጌ ሰፈሮች አንድ የታወቀ ዓይነት ቤት አለ። የእንጨት በረንዳ፣ ሰገነት፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የተደረደሩ የመብራት ቆጣሪዎች። ሲሠራ የአንድ ሹም ወይም የአንድ ነጋዴ መኖሪያ ነበር። ዛሬ እልፍኙ ለሁለት ተከፍሏል፤ በረንዳው በኮምፖንሳቶ ተጋርዶ መኝታ ሆኗል፤ ሽንት ቤቱ የሁሉም ነው። ከውጭ ስናየው አንድ ቤት፣ ከውስጥ አንድ ሰፈር።

ለመሆኑ ይህ ቤት በሕግ ፊት ምንድን ነው? የማን ነው? ይፈርሳል ወይስ ይጠበቃል? መልሱን አንድ ቢሮ ሄደን የምናገኘው ይመስለናል። አናገኘውም። ምክንያቱን ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባወጡት ደንብ የአዲስ አበባ ቦታ በግል የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቤት ሠርቶ ማከራየት ለባለቦታው ጥሩ ገቢ ሆነለት፤ ከተማውም በተከራይ እየሞላ አደገ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ሌላ ያለው መኖሪያ «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰ። ክፍፍሉ በኪራይ ዋጋ ነበር። በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄደ። ልብ በሉ፤ ቤቱ መቼ ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ ምን ዓይነት የእጅ ሥራ አለው የሚል መስፈርት አልነበረም። ለተከራዩ ግን አዋጁ እፎይታ ነበር፤ ኪራይ ቀነሰለት፣ «ውጣልኝ» የሚለው ባለቤትም ጠፋ። ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ኪራዩ እንደረከሰ ቀረ፤ ለእድሳት ግን አልበቃም። ልጅ አደገ፣ አገባ፣ መሄጃ ስላጣ ግድግዳ ጨመረ። ቆጥ ተሠራ፣ ደባል ገባ።

በዚህ ሁሉ ላይ ሌሎች ወረቀቶች ተደረቡ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለ ቤት ቅርስ ሊሆን የሚችልበትን በር ከፈተ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ «የፕላን ስምምነት» የሚል ነገር ይዞ መጣ፤ ሊሠራ የታሰበው ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል ወይ የሚል ማረጋገጫ ማለት ነው። ፕላኑ ራሱ ቦታውን የሚያየው በቀለም ነው፤ ንግድ፣ መኖሪያ፣ መንገድ።

እንግዲህ ቤት አስተዳዳሪው ክፍሎቹን ይቆጥራል፤ የቅርሱ ሰው ሕንፃውን ይመለከታል፤ የፕላኑ ሰው ቦታውን። ቤቱ በግድግዳ ብቻ ሳይሆን በመዝገብም ተከፋፍሏል። ሙሉውን ቤት ከነነዋሪው የሚያውቅ መዝገብ የለም።

ይህ የወረቀት ጨዋታ እንዳልሆነ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ አየን። ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ። ስሙ በኪራይ ውል ላይ ያለ ሰው ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የሚጠይቅበት ወረቀት ነበረው። ስሙ ውሉ ላይ የሌለ ደባል ግን እዚያው ቤት ሃያ ዓመት ቢኖርም በእጁ የሚያሳየው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ቤቱ ቆሞ ሳለ እንጠይቅ። ወረዳው ዘንድ፦ የቀበሌ ነው፣ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ወይስ ካርታ ያለው የግል ይዞታ? ውሉ ላይ የተመዘገቡት እነማን ናቸው? ቅርስ የሚመዘግበው ቢሮ ዘንድ፦ ቤቱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ? ፕላን ያለበት ቢሮ ዘንድ፦ በዚህ ቦታ ላይ ምን ታስቧል? ሦስቱን መልሶች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የት ላይ እንደማይገጥሙ ይታየናል፤ ክርክር ካለም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ማን እንደሠራው፣ የትኛው ግድግዳ መቼ እንደተጨመረ ደግሞ የግቢው አዛውንቶች ያውቃሉ። ያንን ቢሮ አይመዘግብልንም። ደብተርና ካሜራ ይዘን እኛው እንመዝግበው፤ ቡልዶዘሩ ከመጣ በኋላ የሚጠየቅ ሰውም አይገኝም፣ ሰዉ ይበተናል።