በደጃፍ የሚያልፍ መንገድ

በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለ መንገድ ታሪክ እንጻፍ ብለን በተነሣን ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቻችን «መንገድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው ሳቁብን። ነገሩ ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መኪና የማይገባበት፣ እግረኛና ቢስክሌተኛ ብቻ በአንድነት የሚሄዱበት ጠባብ መንገድ ሊሠራ ሲታሰብ፣ በብዙ አገር የሰፈሩ ሰው ተነሥቶ በደጃችን አያልፍም ብሏል። ጭስ የሌለው፣ ጩኸት የሌለው መንገድ ለምን ይጠላል? ይህን ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር ሞክረናል። የውጭውን አገር ዘመን በአውሮፓ፣ የአገራችንን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የጻፍን መሆናችንን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመሠረቱ አንዱን መንገድ ተጋርቶ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት የወሰን ውል ውስጥ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ እዚሁ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲሰጥ ፈቅደው ነበር። ጣቢያው የተቋቋመው ግን በኢታንግ ሳይሆን ከዚያ ወደ ላይ ባለችው በጋምቤላ ነው። ከዚያ ወዲህ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ያ ቡና ከጎሬና ከቡሬ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርደው በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ነጋዴውም፣ ተሸካሚውም፣ መንገደኛውም እየተላለፉ ይሄዱ ነበር እንጂ፣ ይህ የበቅሎ ነው፣ ይህ የሰው ነው ብሎ መሥመር ያሰመረ አልነበረም።

መንገድን የከፋፈለው መኪና ነው። መኪና በፈጠነ መጠን እግረኛው ወደ ዳር ተገፋ፤ ቢስክሌተኛው ደግሞ በሁለቱ መካከል ቀረ። በእንግሊዝ አገር በ1934 መጨረሻ ላይ የትራንስፖርቱ ሚኒስትር ሌዝሊ ሆር ቤሊሻ፣ ከለንደን በስተምዕራብ በዌስተርን አቬኑ ዳር፣ ሁለት ማይል ተኩል ያህል ርዝመት ያለው የቢስክሌት መንገድ መረቁ። የሚያስደንቀው ነገር፣ አጥብቀው የተቃወሙት የቢስክሌተኞች ማኅበር አባሎች ራሳቸው መሆናቸው ነው። ዛሬ የተለየ መንገድ ከተሠራልን ነገ ከዋናው መንገድ እንባረራለን የሚል ሥጋት ነበራቸው። እንግዲህ ስጦታም ቢሆን ሳይጠይቁ ከሰጡት ያስፈራል ማለት ነው።

የሆላንድ ታሪክ ከዚህ የከበደ ነው። በዚያ አገር በ1971 ብቻ ከ3000 በላይ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞቱ፤ ከነዚህም ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች ወደ አደባባይ ወጡ፤ የልጆች ግድያ ይቁም የሚል ስም ያለው ማኅበርም ቆመ። መንግሥትም ዘ ሄግንና ቲልቡርክን ለሙከራ መርጦ፣ በከተማ መካከል የሚያልፍ የተለየ የቢስክሌት መንገድ አሠራባቸው። በዚህ ጊዜ የጎዳናው ባለ ሱቆች ተነሡ። የመኪና ማቆሚያው ከደጃችን ከተነሣ ገበያተኛ አይመጣም ሲሉ ተከራከሩ። ልጆች እየሞቱ ስለ ሱቅ ማሰብ ጭካኔ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አድርገን አናየውም፤ ለመላው ከተማ የሚሆን ጥቅም በአንድ ጎዳና ሰዎች ላይ ብቻ በተጫነ ጊዜ፣ እነዚያ ሰዎች ለምን እኛ ብቻ ቢሉ አይፈረድባቸውም። ሥራው ኋላ ሲመረመር፣ ቢስክሌተኞች ከሌላው ጎዳና ወደ አዲሱ መንገድ ተሰበሰቡ እንጂ፣ በጠቅላላው ከተማ ቁጥራቸው እንደ ታሰበው አልበዛም። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዴልፍት ከተማ ተራዋ ሲደርስ፣ አንድ ትልቅ መንገድ በመሥራት ፈንታ ብዙ ትንንሽ መንገዶችን እንደ መረብ አገናኘች። ሸክሙም ለብዙ ሰፈር ተከፋፈለ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ብለን የመረመርነው ግን በአሜሪካ አገር በቬርሞንት ግዛት፣ በበርሊንግተን ከተማ የሆነውን ነው። በዚያ በሻምፕሌን ሐይቅ ዳር አንድ የባቡር ኩባንያ በ1899 ሐዲድ የሚዘረጋበት ቀጭን መሬት ያዘ። ባቡሩ በ1970 ገደማ መሄዱን ተወ፤ በ1975ም ሐዲዱ ተነቀለ። በአጠገቡ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ መሬቱ የተሰጠው ለባቡር ነው፣ ባቡሩ ከቀረ ወደ ባለ መሬቱ ይመለሳል አሉ። ነገር ግን በ1983 የወጣ አንድ ሕግ፣ ባቡር የተወው መሥመር ለእግረኞችና ለቢስክሌተኞች እንዲውል ይፈቅድ ነበር፤ ከተማውም ስምንት ጫማ ስፋት ያለው መንገድ ሠራበት። መንገዱ የሚያልፈው ከቤታቸው መግቢያ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። በበጋ የዕረፍት ቀን በአንድ ሰዓት እስከ 200 ሰው ያልፍበት ጀመር። ከሚያልፈውም ሰው ወደ ግቢያቸው የሚገባ ነበር፤ አንድ ቀን ባልየው መንገዱን ሲሻገር ቢስክሌት ሊገጨው ለጥቂት ተረፈ።

ባልና ሚስቱ ክርክራቸውን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሱ። ፍርድ ቤቱ በ1990 ሕጉ የጸና ነው፣ መንገዱን ማስቀረት አይቻልም፣ ነገር ግን ንብረታችሁ ተወስዶ እንደ ሆነ ካሣ መጠየቅ ትችላላችሁ ሲል ወሰነ። በ1996 ደግሞ የይግባኙ ፍርድ ቤት ንብረታቸው በእርግጥ ተወስዷልና መንግሥት ይካሳቸው አለ። መንገዱም አልፈረሰም፤ ባለ መሬቶቹም መብታቸውን አላጡም። ለስምንት ጫማ መሬት ይህን ያህል ዘመን መሟገት የሚያስቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስምንቱ ጫማ ያለው በእነሱ ደጅ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በአንዳንድ እሑዶች ጎዳናዎች ለመኪና እየተዘጉ፣ ልጆች በአስፋልት ላይ ኳስና ቢስክሌት ተጫውተዋል። በዚህ የተከፋ ብዙ ሰው አልነበረም፤ ማታ ሲሆን መንገዱ እንደ ነበረው ይመለሳልና። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ግን የማይመለስ ሥራ ነው። ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የቢስክሌት መሥመር ተዘርግቷል። ቢስክሌት ይዞ ወደ ጎዳና የወጣ ሰው እንደ ደፋር በሚቆጠርበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን በፒያሳና በካዛንቺስ ረዥም ዘመን የኖሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሄደዋል። ከነሱም ውስጥ ማስጠንቀቂያው አጭር ነበር፣ ካሣው አልበቃም ብለው ያዘኑ አሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በ2017 ዓ.ም. ሥራው ለጊዜው እንዲቆም ጠይቋል። መንግሥት በበኩሉ ሰዎቹ ከጎስቋላ ቤት ወጥተው የተሻለ ቤት አግኝተዋል ይላል።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 8፣ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ለመውሰድ ሲያስፈልገው ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ መክፈል እንዳለበት ያዛል። እኛ ከዚህ ሁሉ ቃል መርጠን የምናሰምርበት «በቅድሚያ» የሚለውን ነው። ደግሞም ቤት ይገመታል፤ ግድግዳው በሜትር፣ ቆርቆሮው በቁጥር ይለካል። ዕድሩንና የቡና ጎረቤቱን ግን የሚገምት መሐንዲስ አላየንም።

ትየርኪዲ የመጠለያ ጣቢያ የተከፈተው በ2006 ዓ.ም.፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች እንዲያርፉበት ነው። በቱኩሎቹ መካከል በሚያልፈው መንገድ ላይ ጀሪካን የተሸከሙ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ ፍየሎች፣ ቢስክሌቶችና ሞተር ብስክሌቶች በአንድነት ይሄዳሉ። ዝናም ሲመጣ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ እግርንም ጎማንም ይይዛል። እንግዲህ ከፍ ብሎ ጠጠር የፈሰሰበት፣ ለእግረኛና ለቢስክሌት ብቻ የተለየ መንገድ ቢሠራ፣ ለእኛ ለተማሪዎች ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን ሻይ የምትሸጠው እናት አግዳሚ ወንበሯን የምታኖረው በዚያው ዳር ነው። እህል የሚሰጣውም፣ ሕፃናት የሚጫወቱትም እዚያው ነው። አንድ ጊዜ አገሩን ጥሎ ለወጣ ሰው፣ አጥርህን ሁለት ሜትር አንሣ የሚለው ቃል ትንሽ ቃል አይደለም።

በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ የመጠለያ ጣቢያ መሬት ደግሞ ከዚያም በላይ በአደራ የተያዘ ነው። ስለዚህ የበርሊንግተኖቹ ባልና ሚስት እንዳደረጉት ስለ መሬቱ ዋጋ መሟገት እዚህ የለም። ያለው አንድ ነገር ችካል ከመተከሉ በፊት የብሎኩን ሰው ሰብስቦ፣ እናቶቹንም ጨምሮ፣ በሚያውቁት በኑዌርኛ መጠየቅ ነው። ጥያቄውም መንገድ ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ብቻ ቢሆን አይበቃም፤ ሁሉም እንፈልጋለን ይላልና። በማን አጥር በኩል ይለፍ፣ ውሃው ወዴት ይውረድ፣ አግዳሚው ወንበር የት ይቀመጥ ተብሎ በዝርዝር መጠየቅ ይገባዋል።

የበርሊንግተኑ ስምንት ጫማ በሜትር ሲታሰብ ሁለት ሜትር ተኩል አይሞላም። ይህን ያህል ስፋት በትየርኪዲ በአንዳንድ ቦታ ማንንም ሳይነካ ይገኛል፤ በሌላው ቦታ ግን የሚገኘው የሻይ ወንበሩ ከተነሣ በኋላ ነው።