አልጋው ለማን ይሁን?

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ከማሽኑም ከመድኃኒቱም የሚከብድ አንድ ጥያቄ አለ። አልጋው አንድ፣ ሕመምተኛው ሁለት ሲሆን ማን ይተኛ? ሐኪሞች ይህን መለየት «ትሪያጅ» ይሉታል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ አሠራሩንም ከናፖሊዮን የጦር ሐኪም ከላሬ ይጀምሩታል። እኛ ግን ያን ያህል ርቀን መሄድ አያስፈልገንም፤ ሰባ ሰባት ይበቃናል።

ያን ጊዜ የላስታና የዋግ ደጋ ሰው ቀዬውን ለቅቆ ወደ ቆረም ተጓዘ። ቆረም በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ የማይክል በርክን ዘገባ ከዚያ ሲያሳይ ዓለም ደነገጠ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የሬሳውን ብዛትና ኋላ የመጣውን ዘፈን ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን በመቀሌ መመገቢያ ጣቢያ የነበረችው የቀይ መስቀል ነርስ፣ የክሌር በርትሺንገር ነገር ነው።

በሺህ የሚቆጠር ሕፃን ደጅ ይጠብቃል፤ ቦታው ለጥቂቶች ነው። ታዲያ በጣም የደከመውን የምትወስድ ይመስላችኋል? አይደለም። እሱ ቢገባም ላይተርፍ ይችላል፤ ምግቡም ከንቱ ይቀራል። የምትመርጠው ዓይኑ ውስጥ ጥቂት ብርሃን የቀረለትን ነበር። በሕክምና ስሌት ከሄድን የተሳሳተች አይመስለኝም። ስሌት ግን እንቅልፍ አይሰጥም። የቀሩትን ለሞት አሳልፋ የሰጠች ያህል ይሰማት እንደነበር ኋላ ተናግራለች፤ ለብዙ ዓመታትም ስለዚያ ጊዜ ማውራት አልቻለችም። አብረዋት የሠሩት ኢትዮጵያውያን እምብዛም አይነሱም። መቼም ለእናትየዋ በገዛ ቋንቋዋ «የለም» ያላት ፈረንጇ አትሆንም።

ያንን ምርጫ የለወጠው አንድ ፓኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ፈረንሳይ ውስጥ ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከዘይት ፕላምፒናት ተሠራ። ውኃ አይፈልግ፣ አይበሰል፤ እቤት ይወሰዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሀዲያ ውስጥ ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት ጣቢያ ሳይተኙ እቤታቸው እንዲያገግሙ ተሞከረ፤ ተሳካም። ዛሬ ደንቡ እንዲህ ነው፤ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። ከበላና ሌላ የከፋ ሕመም ከሌለበት ፓኬቱን ይዞ ወደ ቤቱ። እምቢ ካለ ይተኛል። ልብ በሉ! ነርሷ ከዓይን የፈለገችውን ምልክት ደንቡ ከአፍ ይፈልገዋል፤ ውጤቱ ግን ተገልብጧል። ያኔ ከደጅ የተመለሰው ሕፃን ዛሬ አልጋውን የሚያገኘው ነው።

በሙጃ ዙሪያ ባለ ጤና ኬላ ይህን የምትወስነው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። ሐኪም አጠገቧ የለም፤ የክንድ መለኪያውና ፓኬቱ ናቸው አማካሪዎቿ። መለኪያው አያልቅም። ፓኬቱ ካለቀ ግን ወደ ቤት ይሄድ የነበረው ሁሉ አልጋ ይጠይቃል፤ አልጋው አይበቃም፤ ልጅቷም መለኪያዋን ጠቅልላ ዓይን ዓይናቸውን ማየት ትጀምራለች።